የአል-ጣኢፉ ስፕሪስ

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ ያለችውም ጎንደር እናቴ ዘንድ ነው። እኔ ደግሞ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ በሚሉት የደላው ሰፈር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ በየማለዳው ስድስት ብርጭቆ ጁስ እፈጫለሁ። ጦርነት ገብቶ ከተማው አሁን የሆነውን ከመሆኑ በፊት ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሮጥበት ጊዜ ነበር፣ የእኔ ቤት ሰዎች ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይሮጡ ነበር።

እመቤቲቱ ሐኪም ናት። ሁላችንም «ዱክቶራ» ነው የምንላት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋን ታስነሣለች። ባሏ ድልድዩ ሳይጨናነቅ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ባሕሪ ይሻገራል፤ እዚያ የብረት መቁረጫ ወርክሾፕ አለው። ሁለት ኮረዳ ልጆችና አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋባቸው ገና ካልሲያቸውን ይፈልጋሉ። ቁጭ ብሎ ቁርስ የሚበላ የለም። ሐቦባ ብቻ፣ የባልየው እናት፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ናት፤ እሷም ጥርስ የላትም። ስለዚህ የዚያ ቤት ቁርስ ጁስ ነበር። ወፈር ያለ፣ ቁመው የሚጠጡት፣ እስከ ምሳ ሆድ የሚይዝ።

ለዱክቶራ ሙዝ በቴምርና በወተት። ለባልየው ዘይቱን፣ ፍሬዋ አንድም ሳትቀር ተጠልላ። ለልጆቹ ማንጎ። ዓርብ ዓርብ ግን ሁሉም ቤት ስለሚውሉ ስፕሪስ እሠራላቸው ነበር፣ የእኛን አገር ስፕሪስ፤ አቮካዶው ከታች፣ ፓፓያው ከመሐል፣ ማንጎው ከላይ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይደባለቅ። ይኼን ያስተማረኝ ሰው የለም። ጎንደር ትምህርት ቤት ስሄድ በማልፍበት መንገድ አንድ ጁስ ቤት ነበር፤ የምገዛበት ስላልነበረኝ በሩ ላይ ቆሜ ሠራተኛዋ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጋ ስታፈስ አይ ነበር። ስንት ቀን አየሁ! ለካስ እጄ ሳላውቅ እየተማረ ነበር። አል-ጣኢፍ የመጀመሪያውን ቀን ስሞክረው ልጆቹ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ አዞሩትና ጮኹ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ትልልቆቹ አጽዋማት አሉ፤ ወተት የገባበትን ነገር ደግሞ በጣቴ እንኳ አልቀምስም። ስለዚህ ጁሱን የለመድኩት በጆሮዬ ነው። መፍጫው መጀመሪያ ኮረት ላይ እንደሚሄድ የጭነት መኪና ይንገጫገጫል፤ ቀጥሎ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ድንገት ድምፁ ይቀጥንና ልስልስ ይላል። ልክ ያን ጊዜ ነው ማጥፋት። አንድ ትንፋሽ ከዘገየሽ ውኃ ይሆናል፤ ከቸኮልሽ ሐቦባ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ይኼን ለማንም አልነገርኩም። ልጆቹ «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ሲሉኝ «እጄ ነው» እላለሁ። ማንም የማይተካው እጅ ያላት ሠራተኛ አትባረርም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

እንዳሰብኩትም አልተባረርኩም። አራት ዓመት ሙሉ አልተባረርኩም።

ፓስፖርቴ ዱክቶራ መኝታ ቤት፣ የቁም ሣጥኑ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ከወርቋ ጋር። የገባሁ ቀን «እንዳይጠፋብሽ፣ ያ ቢንቲ» ብላ ተቀብላኝ ቆለፈችበት። ያ ቢንቲ ማለት ልጄ ሆይ ማለት ነው። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ብትሰድበኝ እሰድባታለሁ፣ ብትመታኝ አጥር ዘልዬም ቢሆን እወጣለሁ። እሷ ግን ስታመም በእጇ መድኃኒት ታውጠኛለች። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማውን፣ በየዓመቱ ባሏ ተሰልፎ ያሳድስልኛል። በሩ አይቆለፍብኝም፤ ግን ስወጣ የት እንደምሄድ እነግራለሁ፣ ስመለስም የውጭው በር ሲንኳኳ ሐቦባ «መጣች፣ አልሐምዱሊላህ» ስትል ከደጅ እሰማታለሁ። ይህን እየሰማ ማን ይሄዳል? በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓርብ ዕረፍት አለኝ። የቀረው ቀን ወጥ ቤቱ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤቱን ግንብ ያያል። ማንጎ ሲያልቅ ዘይቱን ይመጣል፣ ዘይቱን ሲያልቅ ብርቱካን፤ ወቅቱን የማውቀው በምልጠው ልጣጭ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ልጄ በስልክ «ረዥም ነሽ?» አለችኝ።

«ማ? እኔ?»

«አዎ። እማን ስጠይቃት ራሷን ጠይቂያት አለችኝ። አንቺ ረዥም ነሽ?»

እማ የምትለው እናቴን ነው። እኔን በምን እንደምትጠራኝ ገና አልወሰነችም ነበር።

«መካከለኛ ነኝ» አልኳት።

እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ» አለች። «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገባለች። ነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ነው። እናት ትቅረብ ብለዋል፣ መታወቂያ ይዛ። ከመጣሽ መጣሽ። ካልመጣሽ በስሜ አስመዘግባታለሁ፤ እናቷ እኔ ነኝ እላለሁ።»

«እንዴ! እናቴ፣ ሌላ መላ የለውም?»

«አባት የለ፣ እናት የለ፣ ልጂቱ እቤት ትቅር? ለክፋት መሰለሽ? ሁለት ዓመት ትመጫለሽ እያልን ነው ያሳለፍነው። ልጅ እኮ አይጠብቅም።»

ልክ ናት። ግን አንዴ ወረቀት ላይ እህቴ ሆና ከተጻፈች፣ ኋላ ማን ይፍቀዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራፍሬ ስከትፍ ሐሳቤ ያ መዝገብ ላይ ነበር።

በማግስቱ ዱክቶራን ለመንኳት። «ሁለት ወር ብቻ። ልጄን አስገብቼ እመለሳለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አለች ጫማዋን እያሰረች። «የልጆቹ ፈተና ይለፍ።»

ፈተናው አለፈ። «ኢንሻአላህ፣ ሙቀቱ ይብረድ፤ ሐቦባ በዚህ ሙቀት ያለ ጁስሽ ምን ትጠጣለች?» ሐምሌ ገባ። «ኢንሻአላህ፣ ያ ቢንቲ፣ ምትክ ላፈላልግ።» አንዲት ልጅ መጣችና ለሦስት ቀን ፈጨች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስለ ድምፁ ትንፍሽ አላልኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ትንሹ ልጅ አንዴ ቀምሶ መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ተፋው። ልጅቷም ተሰናበተች።

ያን ጊዜ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣልኝ። ያሰረችኝ እጄ ናት፤ እንግዲያው እጄን ላበላሻት። ጁሱ የማይጠጣ ከሆነ ማን ይይዘኛል?

ወጥ ቤቱ ውስጥ ባልየው ያመጣው ጎንጎሌስ ነበር። ጎንጎሌስ የባኦባብ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ነጭ፣ ዱቄት የለበሰ፣ ምላስ የሚያኮማትር ጎምዛዛ። እነሱ በውኃ ዘፍዝፈው በስኳር ሲጠጡት አይቻለሁ። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ሎሚ ወተት ውስጥ ሲገባ ወተቱ ይቆራረጣል፣ ይኼ ከሎሚ ይብሳል። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጠፍቶ ያደረው መብራት፣ እነሱ ካህረባ የሚሉት፣ ልክ እንደ መጣ ማንጎውንና ወተቱን መፍጫው ውስጥ አድርጌ ወፍራሙን የጎንጎሌስ ዝፍዝፍ በትልቅ ማንኪያ አራት ጊዜ ጨመርኩበት። ረቡዕ ነውና አልቀመስኩም። ልቅመስስ ብል ምን አገኝ ነበር? እንዲከፋ ነው የፈለግሁት። ድምፁ ሲለሰልስ አጠፋሁ። እጄ ይኼን እንኳ ማበላሸት እምቢ አለች፣ ከልማድ የተነሣ።

ባልየው መጀመሪያ ጠጣ። ቆመ። ብርጭቆውን አየው።

«ምንድነው ያደረግሽበት?»

«ምንም» አልኩ።

«ዋላሂ፣ ምንም አይደለም ይኼ!» ብሎ ቀሪውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ልጆቹ ድገሚን አሉ። ዱክቶራ ቁልፏን እንደያዘች ቆማ ጨረሰችና ከንፈሯን ላሰች፣ ሐኪሟ ሴት! የሐቦባን በረንዳ ላይ ወሰድኩላት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ባሉት የጥንት ጠባሳዎች መንገድ ይዞ ሲወርድ አየሁ።

«ይኼን ማን ነገረሽ?» አለች። «ኮርዶፋን እያለን እናቴ ጎንጎሌሱን በወተት ነበር የምትሰጠን። ከሞተች ወዲህ ያለ ዛሬ አልቀመስኩትም። ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»

ምን ልበላት? ላስመርርሽ ብዬ ነው ልበላት? እጄን ይዛ ሳመችው። እኔ አራት ዓመት ከሱዳኖች ጋር ኖሬ ጎንጎሌስ በወተት እንደሚጠጣ አላውቅም ነበር፤ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም።

ከዚያ በኋላማ በሩ ጠበበብኝ። ሐቦባ ሌላ ነገር አልጠጣም አለች። ዱክቶራ የሆስፒታል ጓደኞቿን ጠርታ ትከሻዬን አቅፋ፣ «ይቺ የኔ ሐበሻ ናት፤ ማንም እንዳይወስድብኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። የዓርብ እንግዳ በዛ፤ የኔ ዓርብ ወደ ግማሽ ቀን ወረደች። አንድ ቀን ዱክቶራ ሻወር ቤት እያለች የመሳቢያውን እጀታ ያዝኩት። ተቆልፏል። መቆለፉን እኮ አውቃለሁ። ብቻ እጄን እዚያ ላይ አድርጌ ውኃው እስኪቆም ቆምኩ።

ነሐሴ ሲገባ፣ በዚያች ግማሽ ዓርብ፣ ቡሪ በሚሉት ሰፈር የምትኖር አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። በደርግ ጊዜ አስተማሪ ሳለች ነው በእግሯ ከአገር ወጥታ የቀረችው። ሱዳን ውስጥ ከእኔ ዕድሜ በላይ ኖራለች፤ የስደተኛ ካርድ እንጂ ፓስፖርት ይዛ አታውቅም። ቡሪ አንድ ክፍል ተከራይታ መጋረጃ ትሰፋለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው የሐበሻ ልጆችን ፊደል ታስቆጥራለች። ሰው ቤት ገብቶ መሥራት ግን ለሷ ሞት ነው። እኔ አል-ጣኢፍ ስገባ ሁለት ወር አኩርፋኛለች።

«መጣሽ?» አለችኝ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «እንዴት ናት እመቤትሽ? ዛሬም ልጄ ትልሻለች?»

«ትለኛለች።»

«እሰይ። ወራሽ ነሻ!»

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ምዝገባውን፣ መሳቢያውን፣ ጎንጎሌሱን። ጎንጎሌሱ ላይ ስደርስ መኪናውን ትታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ልትመርዣቸው ገብተሽ ፈወስሻቸው! ውይ አንቺ ልጅ!»

«እትዬ፣ አታሹፊብኝ። ሃያ ቀን ነው የቀረኝ።»

ሳቋ ቆመ። «ያቺን ምትክ ልጅ ለምን አላስተማርሻትም?»

«ካስተማርኳት ማን ይፈልገኛል?»

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «ስለዚህ ልቀቁኝ ትያለሽ፣ ደግሞ እንዳይለቁሽ ታደርጊያለሽ» አለች። እንደ መምህር ነው የተናገረችው፣ ያለ ቁጣ። ፊቴ ጋለ። እሷ ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች። አውቶቡስ ላይ ስሳፈር እሷም ተወችኝ ብዬ ነበር።

እሑድ፣ ዱክቶራ ከሥራ ተመልሳ እግሯን ዘርግታ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አክስቴ ናት። ጥቁሩን ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። «ቁሚ ከመንገዴ፣ አስገቢኝ እንጂ» አለችኝ በአማርኛ፣ ከዚያ እኔ በማልናገረው የመጽሐፍ ዐረብኛ ለዱክቶራ ሰላምታ ሰጠች። ዱክቶራ ሳታስበው ከሶፋው ተነሣች።

«የዚች ልጅ አክስት ነኝ። ልጇን ትምህርት ቤት ታስገባ ዘንድ ፓስፖርቷን ስጫት። ሁለት ወር እኔ በሷ ቦታ እሠራለሁ። ላለመቅረቷ መያዣው ይኼውልሽ።» የስደተኛ ካርዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያለዚያ ካርድ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያቆማት ምን እንደሚገጥማት ሦስታችንም እናውቃለን።

«እትዬ፣ ተይ!» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ።»

ዱክቶራ ካርዱን አየች፣ አክስቴን አየች። «ጁስ ትችያለሽ?»

«አልችልም። ግን መማር እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተማሪዎች ስላሉኝ አልመጣም።»

«ተፈደሊ፣ ቁጭ በይ» አለች ዱክቶራ በዝግታ። አራት ዓመት ስኖር ለዚያች ሴት «አልመጣም» ብሎ የሚናገር ሰው አላየሁም ነበር። ሰማይም አልወደቀ። ዱክቶራ ወደ መኝታ ቤት ገባች፣ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ፣ ካርዱ ገብቶ ፓስፖርቴ ወጣ።

ሦስት ቀን አስተማርኳት። ደብተር ይዛ ነው የመጣችው።

«ስንት ደቂቃ ይፈጫል?»

«ደቂቃ የለውም እትዬ። ድምፁ ሲለወጥ ነው።»

«ሲለወጥ ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ኮረት ላይ እንደሚሄድ መኪና…»

ጻፈች። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «አሁን!» ብላ ትጮኻለች፤ ወይ ትቸኩላለች ወይ ትዘገያለች። በሁለተኛው ቀን ዘይቱኑ ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ ክዳኑን ረስታው ነው። ትንሹ ልጅ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልክ እኔ በማጠፋባት ትንፋሽ አጠፋችው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። የኔ ብቻ የነበረ አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱም ከእጄ ወጣ።

ጎንደር ደረስኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ ካየችኝ በኋላ «ረዥም አይደለሽም» አለች። ነሐሴ መጨረሻ እጇን ይዤ ሄድኩ፤ መዝጋቢው «እናት?» ሲል «እኔ ነኝ» አልኩ፣ ስሜን ጻፈ። ያን ብዕር ዓይኔን ሳልነቅል እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ነው የተከተልኩት። እናቴ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀን ነበር፤ ስንወጣ «ተጻፈ?» አለች።

ልመለስ ነው ስል አለቅሳለሁ፣ ልቅር ስል የአክስቴ ካርድ ይታየኛል። እውነቱን ልናገር፤ ካርዱ ባይኖር ኖሮ እመለስ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄን ትቼ ሁለተኛ ጊዜ ወጣሁ። በስልክ ግን በምን እንደምትጠራኝ ወስናለች፤ «እናቴ» ትለኛለች።

አል-ጣኢፍ የደረስኩት ዓርብ ጠዋት ነው። ወጥ ቤት ስገባ መፍጫው ይጮኻል፤ የሚፈጨው ባልየው ነው፣ እጅጌውን ሰብስቦ። ሰላም ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። «እሽሽ! ድምፁ ሊለወጥ ነው!» ሐቦባ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ሙዝ ትልጣለች። አንደኛዋ ኮረዳ በማንኪያ ጀርባ አቮካዶው ላይ ፓፓያ ታፈሳለች፤ ትንሽ ተደባልቆባታል፣ ደንታም አልሰጣት። ፍሪጁ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፣ በአክስቴ እጅ ጽሑፍ፣ በዐረብኛ። የእያንዳንዱ ሰው ብርጭቆ፣ የእያንዳንዱ ቀን ተራ፣ ከታችም ስለ ድምፁ ሁሉም ነገር፣ ኮረቱም መኪናውም ሳይቀር።

አክስቴ በር ላይ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች።

«እኔ አስተማሪ ነኝ» አለችኝ። «ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ዱክቶራ መጣችና አቀፈችኝ። ቀን ቀን እየመጣሽ ብትሠሪልን ደስ ይለናል፣ አለች፤ ማታ ግን ከፈለግሽ ወደ አክስትሽ ሂጂ። ፓስፖርቴን ልሰጣት ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ከልማድ ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። ዱክቶራ ካርዱን ከመሳቢያው አምጥታ ለአክስቴ ሰጠቻት፣ ሌላኛውን እጇንም ወደ እኔ ዘረጋች።

አክስቴ ቀደመቻት። ፓስፖርቴን ከእጄ ወስዳ መልሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው፣ ዚፑንም ዘጋችው። ካርዷን ደረቷ ውስጥ አስገባች። ጥቁሩን ጫማዋን አድርጋ ሐቦባን ተሰናበተችና አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ቡሪ ሄደች። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ተማሪዎቿን አስተማረች።